ሁለት ሦስት ዌብካም ባንዴ በፓይተን መቅዳት
ብዙ ሰው ሁለት ካሜራ ሲሰካ አንድ ሉፕ ውስጥ መጀመሪያ አንዱን ሪድ ያደርጋል ከዛ ሌላውን፣ ችግሩ ግን የኦፕንሲቪ (OpenCV፣ ካሜራውን የምናነብበት ላይብረሪ) ሪድ አዲስ ፍሬም (የቪዲዮው አንድ ምስል) እስኪመጣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ አንዱ ካሜራ ከዘገየ ሌላውም አብሮት ይንቀረፈፋል።

ለያንዳንዱ ካሜራ የራሱን ትሬድ (ከሌላው ኮድ ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ስጡት። ትሬዱ በዋይል ሉፕ ያንብብና የመጨረሻውን ፍሬም ብቻ አንድ ቫሪያብል ላይ ያስቀምጥ፣ ሲቀመጥም ሲወሰድም በሎክ (ሁለት ትሬድ ባንዴ እንዳይነካው በሚቆልፍ) ይሁን። ፓይተን ላይ ትሬድ ጥቅም የለውም የሚሉ አሉ፣ እዚህ ጋ ግን አለው፣ ምክንያቱም ኦፕንሲቪ ፍሬም እየጠበቀ እያለ ሌላው ትሬድ መስራት ይችላል። ስክሪን ላይ ማሳየቱን ግን ለዋናው ትሬድ ተዉለት።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ኮዱ ልክ ሆኖ ሁለተኛው ካሜራ አልከፈትም ካለ ዩኤስቢውን እዩ። 640 በ480 የሆነ ያልታመቀ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን በሰከንድ ወደ 147 ሜጋቢት ይፈጃል፣ ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ ቢበዛ 480 ነው፣ እሱም በተግባር አይደርስም። ስለዚህ ፎርማቱን ኤምጄፔግ (MJPG፣ እያንዳንዱን ፍሬም የሚያምቅ) አድርጉት፣ ካሜራዎቹንም አንድ ሃብ ላይ አትደርድሩ። ሊኑክስ ላይ ደሞ አንድ ካሜራ ሁለት ቁጥር (ኦፕንሲቪ ካሜራ የሚከፍትበት፣ ከ0 የሚጀምር) ሊይዝ ስለሚችል ሁለተኛው ካሜራ 1 ሳይሆን 2 ሊሆን ይችላል፣ እኔ በዚች ብቻ ግማሽ ቀን ሄዶብኛል።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ትሬዶቹን አስቁሙና ጆይን አድርጉ (እስኪያበቁ ጠብቁ)፣ ሪሊዝ (ካሜራውን መልቀቅ) ከዛ በኋላ ነው፣ ከተገለበጠ ፕሮግራሙ ክራሽ ሊያደርግ ይችላል።