ክለብ መውደቅ የሚጀምረው ባደገ ማግስት ነው

ክረምት በመጣ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከደብረ ብርሃን ይደወላል፣ ከሸዋ ሮቢት ይደወላል፣ ከአረርቲም ከመንዝ መሐል ሜዳም። አዲስ የክለብ ቦርድ ተቋቁሟል፤ «ጋሼ፣ መጥተህ ልምድህን አካፍለን» ይሉኛል። ኳስ እወዳለሁና እሄዳለሁ። ስብሰባው ሲጀመር ግን የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ማንን እናስፈርም?» የጥር ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ ታክቲክ እዚህ አላወራም፤ እሱ የአሰልጣኙ ራስ ምታት ነው። የማወራው ክለብን ከቢሮ በኩል ስለሚገድሉ ስህተቶች ነው።

ቃል የተገባን ብር እንደ ገባ ብር መቁጠር

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

ክለቡ ወደ ከፍተኛ ሊግ፣ ከፕሪምየር ሊጉ አንድ እርከን በታች ወዳለው፣ አደገ እንበል። ከተማው ጡሩምባ በጡሩምባ ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ እራት ይዘጋጃል፣ ማይክ ይዞራል። አንዱ ባለሀብት ተነስቶ «ይህን ያህል እሰጣለሁ» ይላል፤ ጭብጨባ። ሌላው ላለመበለጥ ከፍ ያደርገዋል፤ እልልታ። ጸሐፊው እየመዘገበ ይደምራል። በሳምንቱ ቦርዱ በዚያ ድምር ተጫዋች ያስፈርማል። ልብ በሉ፣ እስካሁን ባንክ የገባ ብር የለም። ከተናገሩት ውስጥ ግማሹ ስልክ አያነሳም። ሌላው «ካሽ ሳይሆን በዓይነት ነበር ያልኩት» ይላል።

ከዚያ የከተማው በጀት አለ። እሱ በሐምሌ ይጀምራል። ውድድሩ መኸር ላይ ተጀምሮ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። የፊርማ ክፍያ፣ የካምፕ ኪራይ፣ የቅድመ ዝግጅት ጉዞ፣ ሁሉም የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የገና በዓል ሲደርስ ካዝናው ባዶ ነው። «ተጨማሪ በጀት እየጠበቅን ነው» የሚባለው ያኔ ነው። የካቲት ላይ ልጆቹ ልምምድ ያቆማሉ። ሚያዝያ ላይ ሽንፈት ይደረደራል። ሰኔ ላይ ክለቡ ይወርድና «አሰልጣኙ አልቻለም» ይባላል።

በዞናችን አንድ ከተማ ያየሁትን ልንገራችሁ። ክለቡ በዱቤ የሚበላበት ምግብ ቤት ነበር። ባለቤቷ ጎልማሳ ሴት ናቸው። ኳስ ከነአካቴው አያዩም፤ ልጆቹን ግን ይወዷቸዋል። የጨዋታ ቀን ረፋድ ላይ ቡድኑ ለምሳ ሲደርስ የወጥ ቤቱ በር ተቆልፏል። እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ቁልፍ፣ በሌላው ጠርዙ በዘይት የራሰ የዱቤ ደብተር። ሥራ አስኪያጁ ጠጋ ብሎ፣

«እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ። ሰኞ እንከፍላለን።»

«የትኛው ሰኞ? ከጥምቀት በፊት የነበረው ሰኞ ነው ወይስ አዲስ ሰኞ መጣ?»

ልጆቹ መሬት መሬት ያያሉ። አምበሉ ሻንጣውን አንስቶ ሊወጣ ሲል እትዬ ጠሩት። «እናንተ ምን አጠፋችሁ፣ ግቡ ብሉ። አንተ ግን» አሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው፣ «እዚህ ላይ ፈርም። በክለቡ ስም አይደለም፤ በራስህ ስም!» ሰውዬው እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ሳይፈርም ስልክ የመጣለት መስሎ ወጣ። ልጆቹ ግን በሉ። ሦስት ለባዶ ተሸነፉ፤ ማንም አልወቀሳቸውም።

ይሄ የድሃ ከተማ ችግር ነው የሚል ካለ የሊድስ ዩናይትድን ታሪክ ይስማ። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ዕድሜው ጠና ያለ ሰው ጠይቁ፣ ያንን ቡድን በቃሉ ይዘረዝርላችኋል፤ ሃሪ ኪውል፣ ማርክ ቪዱካ፣ ሪዮ ፈርዲናንድ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው በቫሌንሲያ ተሸነፉ። አመራሩ በየዓመቱ እዚያ መድረክ ላይ እንደሚገኝ አስቦ፣ ገና ያልተሸጠ የስታዲየም ትኬት አስይዞ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ተበድሮ ነበር። በሊጉ ግን 4ኛ ወጡ፤ ያኔ ከእንግሊዝ ወደ ቻምፒየንስ ሊግ የሚያልፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 5ኛ። የተጠበቀው ብር ቀረ፣ ዕዳው ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። ፈርዲናንድ በ2002 ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። በ2004 ወረዱ። በ2007 ሦስተኛው እርከን ላይ ደረሱ። ወደ ፕሪምየር ሊግ ለመመለስ 16 ዓመት ፈጀባቸው። እዚያ ባንክ ነበር፣ እኛ ጋ ማይክ ነው። ስሌቱ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ቦርድ ውስጥ ካላችሁ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ተጫዋች ከመፈረሙ በፊት የባንክ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። እስከ ሰኔ ያለውን ደመወዝ ደምሩ። ካልበቃ ርካሽ ተጫዋች ፈልጉ። አለቀ።

አንዳንዶች ከዚህ ለመሸሽ ሁለት ውል ይጽፋሉ፤ አንዱ ለፌዴሬሽን የሚቀርብ፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ሲቀመጥ ይሄ ነገር ይቀራል ብዬ ነበር። ጣሪያው ብዙም ሳይቆይ የስም ሆነ። ከመሳቢያው የሚወጣው ውል ግን ክርክር የመጣ ቀን እናንተኑ ነው የሚያስጠይቀው።

ያሳደገውን ቡድን መበተን

ይሄ ደግሞ ያሳዝነኛል። ክለቡን በዝናብና በጭቃ ተጫውተው ያሳደጉት ልጆች መስከረም ላይ ሲመጡ ቦታቸው የለም። «ለዚህ ደረጃ አይመጥኑም» ተብሏል። በምትካቸው ስማቸው የተሰማ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ተጫዋቾች ይመጣሉ፤ ከክለቡ አርማ ይልቅ የሚቀጥለውን ክለብ ስልክ የሚያውቁ።

ማደግና መቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ጅማ አባ ጅፋር ያሳየናል። ከታች አድጎ በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። አገር ጉድ አለ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ተሻገሩና የ2011ን ዋንጫም እዚያ በሉ። ጅማ በ2014 ወረደ። ዋንጫውን ያመጡ ሰዎች ሲሄዱ የሚተካቸው ነገር ክለቡ ውስጥ ከሌለ፣ ዋንጫው ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

ግማሹን ቡድን አቆዩ። ሦስት አራት ቦታ ላይ ብቻ ጨምሩ፤ በረኛ፣ መሐል ተከላካይ፣ አጥቂ። ሌላው ቅንጦት ነው።

አንድ ሰው ላይ መንጠልጠል

የእንግሊዙ ፖርትስማውዝ እ.ኤ.አ. በ2008 የኤፍኤ ካፕን አነሳ። ባለቤቱ አሌክሳንድር ጋይዳማክ ገንዘብ ማፍሰሱን ሲያቆም ክለቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በፕሪምየር ሊግ ታሪክ እዚያ እርከን ላይ እያለ በኪሳራ ምክንያት በአስተዳዳሪ ሥር የገባ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በ2013 አራተኛው እርከን ላይ ወርዶ ደጋፊዎቹ ገዙት።

እኛ ጋ ጋይዳማክ የለም፤ ከንቲባ አለ። ኳስ የሚወድ ከንቲባ ሲመጣ ክለቡ ያብባል። በጀት ይለቀቃል፣ መኪና ይመደባል። ከንቲባው በዝውውር ሌላ ቦታ ይሄዳል። አዲሱ ሰው ሲመጣ የሚያስጨንቀው ውኃና የኮብልስቶን መንገድ ነው፤ አልፈርድበትም። የባለሀብትም ነገር ያው ነው። ደደቢት በ2002 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ መጣ፣ በ2005 ቻምፒዮን ሆነ። ጌታነህ ከበደን አሳየን፣ በሴቶቹም ሎዛ አበራን። ከመሥራቹ ከኮሎኔል አወል አብዱራሂም ስም ተነጥሎ የማይነሳ ክለብ ነበር። በ2011 ወረደ። ከመጣ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው!

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከአሥር ቦታ ትንሽ ትንሽ መለመን ያሳፍራል የሚል የቦርድ አባል አጋጥሞኛል። አንዱን ትልቅ ሰው ደጅ መጥናት ግን አላሳፈረውም።

በየሁለት ወሩ አሰልጣኝ ማባረር

ደመወዝ ሳትከፍሉ አሰልጣኝ ብትቀያይሩ የምታተርፉት አዲስ ባለዕዳነት ብቻ ነው።

በስልክ ቪዲዮ ማስፈረም

ደላላው ቪዲዮ ይልካል። ልጁ ሦስት ሰው ያልፋል፣ ያገባል፣ ሙዚቃ አለው። ቦርዱ ስልኩን እየተቀባበለ ያየዋል፤ «ይሄ ሜሲ ነው!» ሰው የአምስት ዓመት ጎሉን በሁለት ደቂቃ ቢሰበስብ እኮ ሁሉም ሜሲ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ኳስ ሲነጠቅ ምን እንደሚያደርግ ነው። ሙሉ ጨዋታ ጠይቁ። ካልላከ እለፉት።

በተለይ ከውጭ የሚመጣ ተጫዋች ላይ ጠንቀቅ በሉ። ደመወዙን ከከለከላችሁት እንደ አገሩ ልጅ ቢሮ ደጃፍ ቁጭ ብሎ አይለምናችሁም። ፊፋ ጋ ይከሳል። ፊፋ የወሰነውን ካልከፈላችሁ ደግሞ አዲስ ተጫዋች እንዳታስመዘግቡ ያግዳችኋል፤ እገዳው እስከ ሦስት ተከታታይ የዝውውር ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ልጁ ከሄደ በኋላ ዕዳው አብሯችሁ ይኖራል።

ሜዳው የኛ ነው ብሎ ማሰብ

ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ነው የሚካሄደው። ክለቦች ሆቴል ይከርማሉ። «ካደግን ካዝናው በትኬት ይሞላል» የሚል ዕቅድ አይቼ ሳቄ መጣ። ካደጋችሁ ደጋፊያችሁ የሚያያችሁ በቴሌቪዥን ነው። የትኬት ገቢ ሳይሆን የሆቴል ወጪ በጀት ያዙ።

ብርዱ ያሸንፍልናል ማለት

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከቆላ የሚመጣ ቡድን ከዕረፍት በኋላ ሲያለከልክ እኛ ደስ ይለናል። እሺ። ግን የመልስ ጨዋታ አለ። አንድ ቡድን ለሸዋ ሮቢት ጨዋታ በዕለቱ ጠዋት ተነሳ፤ የአንድ ሌሊት አልጋ ለመቆጠብ። ልጆቹ ጃኬት ደርበው ቁርስ ጠግበዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ነው፣ ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ ጠመዝማዛው መንገድ። ደብረ ሲና ሳይደርሱ ፌስታል ፍለጋ ተጀመረ። ሮቢት ሲወርዱ ሙቀቱ ፊታቸው ላይ አረፈ። ወጌሻው ከጨዋታው በፊት ሥራ የበዛበት ያን ቀን ብቻ ነው። የተቆጠበችው የአልጋ ብር ሦስት ነጥብ አስከፈለች። በዋዜማው ውረዱ።

ታዳጊ ቡድንን ለሪፖርት ማቋቋም

ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ከ17 ዓመት በታች ቡድን አለ። ሜዳ ላይ ስትሄዱ አሰልጣኙ አበል ካየ ወራት አልፈውታል፣ ኳሱ ሁለት ነው፣ አንዱ ተንፍሷል። እኔ ለነዚህ ልጆች አዳላለሁ። ከጫጫ፣ ከደነባ፣ ከእነዋሪ የሚመጡ አሉ፤ ጠዋት ከብት አግደው ከሰዓት ልምምድ የሚደርሱ። ሳንባቸው ደጋ ላይ የተሠራ ነው። ከመካከላቸው በዓመት ሁለቱን ወደ ዋናው ቡድን ብታሳድጉ የሁለት ፊርማ ብር ኪሳችሁ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ከቤቱ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ደግሞ የካምፕ ኪራይ አያስወጣም።

ያለ ርክክብ መቀየር

የድሮው ቦርድ አኩርፎ ይወጣል፣ አዲሱ በኩራት ይገባል፣ የሚነጋገር የለም። አንድ ክለብ ማህተሙ ሳይገኝ ቀርቶ ምዝገባው ሊያልፈው ነበር፤ የቀድሞው ጸሐፊ ይዞት አዲስ አበባ ሄዷል። ሰው ተልኮ በሌሊት መኪና መጣ። ርክክቡን ሐምሌ ላይ ጨርሱ፤ ማህተሙን፣ የባንክ ፈራሚዎቹን፣ የውሎቹን ዋና ቅጂ፣ የዕዳ ዝርዝሩን። ዕዳው ውስጥ የምግብ ቤቱንም ጨምሩ፤ እሱን ሁሉም ይረሳዋል።