የቶዮታ ሱፕራ 2ጄዜድ ሞተር፦ ምልክቱ አንድ ሲሆን መንስኤው የሚለያይባቸው ችግሮች

የቶዮታ ስፖርት መኪና የሆነው ሱፕራ አራተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2002 ሲመረት አንድ ዓይነት ሞተር ብቻ አልተገጠመለትም። ሁሉም 2997 ሲሲና ባለ ስድስት ሲሊንደር ናቸው፤ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምትም 86 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። 2ጄዜድ-ጂኢ ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ የመጭመቂያ ምጣኔውም (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ) በመጀመሪያው ስሪት 10 ለ 1 ነው። 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሁለት ቱርቦ አለው፣ ምጣኔው 8.5 ለ 1 ነው። ጂቲኢ ራሱም ሁለት ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራውና ወደ ውጭ የተላከው። የጃፓኑ ሲቲ20ኤ ቱርቦ፣ የሴራሚክ ተርባይን (ጭሱ የሚያዞረው የቱርቦው ክፍል)፣ በደቂቃ 440 ሲሲ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጄክተርና የማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍል ቱቦ) ግፊት ሴንሰር አለው። የውጭው ሲቲ12ቢ ቱርቦ፣ የብረት ተርባይን፣ 550 ሲሲ ኢንጄክተርና የአየር መለኪያ ይዟል። በ1997 የጃፓኑ ጂቲኢ ቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚያስተካክል ሥርዓት) ተጨመረለት፤ የውጭው ጂቲኢ ግን አላገኘውም።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት የትኛው ሞተር እንደሆነ ይለዩ። ከአየር ማጣሪያው ሳጥን ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው የአየር መለኪያ ካለ የውጭው ነው። ከሌለና የግፊት ሴንሰሩ ከማኒፎልዱ ቱቦ ከተሳበለት የጃፓኑ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ዕቃ ስለተቀያየረ የሻሲው ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

ምልክት፦ በደቂቃ ከ4000 ዙር በታች ጉልበት አለ፣ ከዚያ በላይ ይሞታል

ሁለቱ ቱርቦዎች በተራ ነው የሚሠሩት። በዝቅተኛ ዙር ጭሱ ሁሉ በአንደኛው ያልፋል። ዙሩ ሲጨምር አንድ ትንሽ ቫልቭ ጥቂት ጭስ እየለቀቀ ሁለተኛውን አስቀድሞ ያሽከረክረዋል፤ ወደ 4000 ሲጠጋ የጭስ መቆጣጠሪያው ቫልቭ፣ ቀጥሎም የአየር መግቢያው ቫልቭ ይከፈታል። በዚህ ሽግግር ላይ ግፊቱ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ቢመለስ ጤናማ ነው። ካልተመለሰ ሁለተኛው ቱርቦ ሥራ አልገባም ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቱርቦው አይደለም። ቫልቮቹን የሚገፋው ግፊት በትንሽ ታንክ ተጠራቅሞ በቀጫጭን የጎማ ቱቦዎችና በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ) ቫልቮች በኩል ይሄዳል፤ ጎማው በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ምልክት እያደረጉ በሲሊኮን ይቀይሩ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይንቀሉ። የአንድ አቅጣጫ ቫልቩን ገልብጠው ከገጠሙ ታንኩ ግፊት አይዝም። ሶሌኖይዱን ለመፈተሽ 12 ቮልት ይስጡት፤ ድምፅ ሰጥቶ የአየሩ መንገድ መቀየር አለበት። ቀጥሎ በእጅ ፓምፕ በየአክቹዌተሩ (በግፊት ዘንግ ገፍቶ ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ ክፍል) ላይ ከ1 ባር ያልበለጠ ግፊት ይስጡ። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ቦታውን ከያዘ ደህና ነው። ግፊቱ ከወረደ ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀዷል። ግፊቱ ቆሞ ዘንጉ ካልተነቃነቀ ደግሞ ቫልቩ በጥላሸት ተጣብቋል።

ምልክቱ ተገልብጦ ሲመጣ፣ ማለትም ታች ደካማ ሆኖ ወደ 4000 ሲጠጋ ድንገት ጉልበት ሲያገኝ፣ ከቫልቮቹ አንዱ ክፍት ቀርቷል። ሆን ተብሎ በሽቦ ተከፍቶ የታሰረ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በዓይን ይዩ።

ምልክት፦ ጥቁር ጭስና የነዳጅ ሽታ፣ በተለይ ጋዝ ሲረገጥ

በውጭው ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከአየር መለኪያው በኋላ ያለ ቀዳዳ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ለተለካው አየር ነዳጅ ይሰጣል፣ አየሩ ግን በተለቀቀ የኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር) ቱቦ ወጥቷል። በጃፓኑ ሞተር ያው ቀዳዳ ጭስ አያመጣም፤ የሚለካው ማኒፎልዱ ውስጥ የደረሰው ግፊት ስለሆነ ግፊት ብቻ ይቀንሳል፣ ቱርቦውም ከሚገባው በላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ በጃፓኑ ላይ ጥቁር ጭስ ካዩ የግፊት ሴንሰሩን ቱቦ፣ የሙቀት ሴንሰሩንና የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን ይፈትሹ። ለሁለቱም ቀዳዳ መፈለጊያው አንድ ነው፦ መግቢያውን ደፍነው በትንሽ ግፊት አየር ይሙሉና መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይርጩ።

ኢንጄክተር ሲቀየር ኦሚሜትር (የኤሌክትሪክ መቋቋምን በኦም የሚለካ መሣሪያ) የግድ ያስፈልጋል። 2 ወይም 3 ኦም የሚያሳይ ኢንጄክተር ያለ ሬዚስተር ሳጥን (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ) ከተገጠመ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኢንጄክተሩን የሚያዘውን ክፍል ያቃጥላል።

ምልክት፦ ግፊት ሲጨምር ይንተፋተፋል ወይም ድንገት ይቆረጣል

ሁለቱን አያምታቱ። መንተፋተፍ የእሳት ጉዳይ ነው። የካንዴላው ክፍተት ሲወጣ 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ ግፊቱ ከፍ የተደረገበት ሞተር ወደ 0.8 ይፈልጋል። የቦቢናዎቹ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጡት) ሶኬት ፕላስቲክም በሙቀት ስለሚፈረካከስ ሽቦው ይላላል፤ ሶኬቱን መቀየር ቦቢና ከመግዛት ይቀድማል።

ቁልፍ እንደጠፋ ያህል በአንዴ ከተቆረጠ ግን ኮምፒውተሩ ነዳጅ ዘግቷል፤ ግፊቱ ከተፈቀደው አልፏል። ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ወጥቶ ሰፊ ጭስ ማውጫ ሲገባ ትንሹ ዌስትጌት፣ ማለትም ጭሱን ከተርባይኑ ውጭ የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ትርፉን ጭስ ማሳለፍ ያቅተዋል። መፍትሄው ጭስ ማውጫው ላይ ማጥበቢያ ቀለበት መግጠም ነው። የነዳጅ መዝጊያውን የሚያታልል ዕቃ መግጠም በጃፓኑ ሞተር ላይ በጣም አደገኛ ነው፤ 440 ሲሲ ኢንጄክተሩ ቀድሞ ያልቅበታል፣ የሴራሚክ ተርባይኑም ከ1 ባር ብዙ ሲያልፍ ይሰበራል። ድንገት ግፊት ጠፍቶ የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ሞተሩን ያጥፉ፣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ፈትተው ተርባይኑን በመስታወት ይዩ። ተሰብሮ ከሆነ ቀጣዩ ቱርቦ ከመገጠሙ በፊት ካታሊስቱን ከስብርባሪ ያጽዱ።

ቱርቦ በተጨመረበት ጂኢ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። መጭመቂያው ከፍተኛ ስለሆነ ቤንዚኑ ቀድሞ ይፈነዳል፤ ፒስተኑን ከሥር በዘይት የሚያቀዘቅዘው መርጫም የለውም። የጠጠር ድምፅ ከሰሙ ግፊቱን ይቀንሱ፣ የእሳቱን ጊዜ ወደ ኋላ ይመልሱ።

ምልክት፦ ከሞተሩ ፊት ዘይት ይንጠባጠባል

የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፓራኦሊዮ፣ ማለትም የዘይት መከላከያ ጎማ፣ ብቻ ቀይረው አይሂዱ። የሞተር እስትንፋስ ማስወጫው ከተደፈነ ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት አዲሱንም ፓራኦሊዮ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ዘይቱም የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ) ላይ ይፈስሳል። ማስወጫ ቫልቩን አብረው ይቀይሩ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ 100,000 ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ይወገድ። የክራንክሻፍቱ ፑሊ ሲወጣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጎማ ይመልከቱ፤ ከተሰነጠቀ ወይም የውጩ ቀለበት ከቦታው ከተንሸራተተ ፑሊውን መልሰው አይግጠሙ።