የመንግሥትን ድጋፍና የዲጂታል መሣሪያን አያይዞ የመጠቀም መመሪያ፦ ለእንግዳ ማረፊያዎች፣ ለአካባቢ አስጎብኚ ማኅበራትና ለአነስተኛ አስጎብኚ ድርጅቶች

የኢትዮጵያ ቱሪዝም ያለፉትን ዓመታት ያሳለፈው በተደራራቢ ጉዳት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በረራን አስተጓጎለ፤ ዓለም በሩን መልሶ ሙሉ በሙሉ ሳይከፍት በ2013 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ተስፋ ሲታይ ደግሞ በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። ኑሯቸውን በእንግዳ ላይ የመሠረቱ የላሊበላ፣ የጎንደር፣ የአክሱምና የደባርቅ አስጎብኚዎች፣ በቅሎ አከራዮች፣ ምግብ አብሳዮችና የማረፊያ ባለቤቶች የተጎዱት ከሁሉም በላይ ነው። በሌላ በኩል መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ይሰጣል፤ ቱሪዝምን በ2014 ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አድርጎታል፤ በገበታ ለሀገር ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን አልምቷል። የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016፣ መልካ ቁንጥሬና ባልጭት ደግሞ በሐምሌ 2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ይህ ሁሉ ሥራ አንድ ክፍል አከራይቶ ለሚያድረው ሰው እንዴት ይደርሳል? የዚህ መመሪያ ጉዳይ ይኸው ነው። በእኔ እምነት ብዙዎቹ አነስተኛ ድርጅቶች ከድጋፉ ውጭ የሚቀሩት ሥራ ስለሌላቸው ሳይሆን ሥራቸው በሰነድ ስለማይታይ ነው። ባለሥልጣን፣ ባንክና አበዳሪ ሊያግዝ የሚችለው በመዝገብ ያየውን ገቢና ያየውን ኪሳራ ነው። ዲጂታል መሣሪያም ሁለት ጥቅም አለው፤ እንግዳ ያመጣል፣ የዚያንም እንግዳ መምጣት በማስረጃ ያስመዘግባል። ሁለቱን አያይዞ የሠራ ሰው ከሁለቱም ይጠቀማል።

ከወረቀቱ ይጀምሩ

አስጎብኚ ድርጅት ከሆኑ ከንግድ ፈቃዱ በፊት ከክልሉ ወይም ከፌዴራሉ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ያስፈልግዎታል። የንግድ ምዝገባና የፈቃድ እድሳት በኢትሬድ የመስመር ላይ ሥርዓት ሊከናወን ስለሚችል ከወረዳ ርቀው የሚሠሩ ሰዎች የደጅ ጥናቱን ድካም ሊቀንሱ ይችላሉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የፋይዳ መታወቂያ አስቀድመው ያውጡ፤ የድርጅቱ ስም በንግድ ፈቃዱ፣ በባንክ ሒሳቡና በበሩ ላይ በተሰቀለው ታፔላ አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ጉግል ቦታዎን ሲያጣራ ብዙውን ጊዜ መንገዱን፣ ታፔላውንና የሥራ ቦታውን የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠይቃል፤ ስሙ ካልተስማማ ምዝገባው ይዘገያል። የክፍያ አገናኝ ድርጅቶችም ንግድ ፈቃድ ሳያዩ ሒሳብ አይከፍቱም።

የአካባቢ አስጎብኚዎችና የበቅሎ አከራዮች በየግላቸው ከመሮጥ በማኅበር ቢመዘገቡ ይሻላል። ማኅበሩ አንድ የባንክ ሒሳብ፣ አንድ ተራ አስጠባቂ መዝገብና አንድ የታወቀ የዋጋ ዝርዝር ይኑረው። የዋጋ ዝርዝሩን በይፋ ማውጣት እንግዳው ከመምጣቱ በፊት እንዲተማመን ያደርጋል፤ በመናኸሪያና በአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የሚነሣውን ግርግርም ያበርዳል።

በካርታ ላይ በትክክል መገኘት

የራስዎን የስልክ መተግበሪያ ለማሠራት ገንዘብ አያውጡ። አሥር ክፍል ላለው ማረፊያ የተሠራን መተግበሪያ ማንም ጎብኚ ፈልጎ ስልኩ ላይ አይጭነውም፤ ገንዘቡ ለጥሩ ፎቶግራፍና ለማያቋርጥ ኢንተርኔት ቢውል ይበልጣል። መጀመሪያ በጉግል ማፕ የድርጅትዎን ገጽ ይክፈቱ፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሌለባቸው ከተሞቻችን ትክክለኛውን ነጥብ ቆሞ መትከልና የቦታውን ፕላስ ኮድ (ቦታውን በፊደልና በቁጥር የሚጠቁም የጉግል አጭር አድራሻ) መጻፍ ትልቅ ጥቅም አለው። በሰሜን ተራሮችና በባሌ በእግር የሚጓዙ እንግዶች ግን ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ የሚጠቀሙት ከኦፕን ስትሪት ማፕ የተወሰደ ካርታ ነው፤ ይህን ካርታ ማንኛውም ሰው ሊያርመው ስለሚችል የካምፕ ቦታውን፣ የውኃውን ምንጭና የስካውቱን (የፓርኩን ጠባቂ) ጽሕፈት ቤት ማኅበሩ ራሱ መዝግቦ ያስገባ።

የቦታ ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መንገድ ይጻፋል። የሰሜን ተራሮች ብቻውን ቢያንስ ሦስት አጻጻፍ አለው። በገጽዎ ላይ ዩኔስኮ የሚጠቀምበትን አጻጻፍ ይምረጡ፤ በሁሉም ቦታ እሱኑ ብቻ ይጻፉ፤ ሌሎቹን አጻጻፎች በመግለጫው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያነሡ ፈላጊው ያገኝዎታል።

ከዚህ በላይ እንግዳ የሚያሳስተው ግን ሰዓትና ቀን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የሚከፈት ቢሮ በጉግል ላይ «2» ተብሎ ከተመዘገበ የውጭ አገር እንግዳ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንደሚከፈት ያነባል፤ ስለዚህ የሥራ ሰዓትዎን በውጭው አቆጣጠር ሞልተው፣ የጉዞ መነሻ ሰዓትን በመልእክት ሲልኩ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ። የበዓላት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ 19፣ መስቀል ደግሞ በሴፕቴምበር 27 ይውላል፤ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ ግን አንድ ቀን ይገፋል። በዚህ ምክንያት መስቀል በ2027 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ ጥምቀት በ2028 ጃንዋሪ 20 ይሆናል። እንግዳው የአውሮፕላን ትኬቱን የሚቆርጠው ከብዙ ወራት በፊት ስለሆነ በአንድ ቀን ስሕተት የታቦቱን መውጣት ያልፈዋል። የሚቀጥሉትን ሦስት ዓመታት በዓላት በሁለቱም ካላንደር አሰናድተው በገጽዎ ላይ ያኑሩ፤ ይህን የሚያደርጉ ድርጅቶች ጥቂት ስለሆኑ ፈላጊዎችን ወደ እርስዎ ያመጣል።

ቪዛን በተመለከተ እንግዳውን ወደ መንግሥት ገጽ፣ ማለትም ወደ ኢቪዛ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ብቻ ይምሩ። ተመሳሳይ ስም ይዘው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍሉ የግል ገጾች ስላሉ ትክክለኛውን አድራሻ በመጀመሪያው መልእክትዎ መላክ የእንግዳ አቀባበል አካል ነው። ቱሪዝም ሚኒስቴር በ«ቪዚት ኢትዮጵያ» ስም በሚያስተዋውቅባቸው መድረኮች ላይ ድርጅትዎ ወይም አካባቢዎ እንዲካተት ደግሞ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከጥያቄው ጋር በስልክ የተነሡም ቢሆኑ ጥራት ያላቸው ፎቶዎችን አያይዙ።

ቀብድና ክፍያ

ቦታ የሚያስይዝ እንግዳ ቀብድ የሚከፍልበት ቀላል መንገድ ካላገኘ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለአገር ውስጥ ጎብኚ ከ2013 ጀምሮ ያለው ቴሌብርና ከ2015 ጀምሮ ያለው ኤምፔሳ ይበቃሉ፤ የነጋዴ ቁጥር ከነኪውአር ኮዱ አውጥተው በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ። በግል ስልክ ቁጥር መቀበል ይቻላል፤ ነገር ግን ገቢው የድርጅቱ ሆኖ አይመዘገብም። ለውጭ አገር ካርድ ቻፓን የመሳሰሉ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሠሩ የክፍያ አገናኞች ወይም የባንክዎ የካርድ ክፍያ አገልግሎት አለ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንግዳ ዶላሩን ከባንክ ውጭ ለመመንዘር የነበረው ግፊት ቀንሷል። ይህ ለእናንተ ዕድል ነው። ከውጭ የሚላክ ቀብድ በባንክ ሲገባ የሚሰጠውን ማስረጃ በጥንቃቄ ይያዙ፤ ብድርም ሆነ ማበረታቻ ሲጠየቅ የውጭ ምንዛሪ ማስገኘትዎን የሚያረጋግጥልዎ እሱ ነው። ዓለም አቀፍ የቦታ ማስያዣ ገጾች ከዋጋው ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ኮሚሽን ይወስዳሉ። ለማይታወቅ ማረፊያ መጀመሪያ ላይ ዋጋው የሚያስከፋ አይደለም፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ ግን በቀጥታ እንዲያስይዝ የዋትስአፕ ቁጥርዎን ይስጡት።

ድጋፉን የሚያስገኘው መዝገብ

ነጻ በሆነ የስልክ ሠንጠረዥ ላይ ስድስት ዓምድ ይክፈቱ፦ የመጣበት ቀን፣ ያደረበት ሌሊት፣ የመጣበት አገር ወይም ከተማ፣ እናንተን ያገኘበት መንገድ፣ የከፈለው መጠን ከነአከፋፈሉ መንገድ፣ የደረሰኝ ቁጥር። ከዚያ ጎን ሁለተኛ ገጽ ይኑራችሁ፤ በእሱ ላይ የተሰረዙና ሳይሳኩ የቀሩ ጥያቄዎችን ከምክንያታቸው ጋር ይመዝግቡ። በረራ ስለቀረ፣ መንገድ ስለተዘጋ፣ ኢንተርኔት ስለተቋረጠ፣ መብራት ስለሌለ፣ ካርድ ስለማንቀበል የሚሉ ምክንያቶች በወር ተደምረው ሲታዩ ለባለሥልጣን የሚቀርብ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናሉ። «ቱሪዝም ሞቷል» ብሎ ማመልከት ሰሚውን ወደ ማዘን እንጂ ወደ ውሳኔ አይወስደውም። በአንድ ከተማ ያሉ ማረፊያዎች ሁሉ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ይዘው ድምሩን በማኅበራቸው በኩል ሲያቀርቡ ግን ጽሕፈት ቤቱ ወደ ዞንና ወደ ክልል የሚያስተላልፈው ቁጥር ያገኛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ መዝገባችሁ በስልክ መያዙ ዋጋውን አያሳጣውም።

ጥያቄው ደግሞ የተለየና የሚፈጸም ይሁን። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በሊዝ ፋይናንስ የሚያቀርበው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የካፒታል ዕቃ ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅም የዕቃው ባለቤት ባንኩ ነው። ስለዚህ ለፀሐይ ኃይል መሣሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ ወይም ለጉዞ መኪና ከሆነ ዕቃውን ከነዋጋ ማቅረቢያው ይዘው ይቅረቡ፤ ለደመወዝና ለኪራይ ከሆነ ወደዚያ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። የቀረጥ ማበረታቻ አለ ብሎ ሰው ስለነገረዎ ብቻ መኪና አይዘዙ፤ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያና የእርስዎን ደረጃ የሚጠቅስ ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ ውል አይፈርሙ። ለሠራተኞች ሥልጠና ሲጠይቁም የሥልጠናውን ዓይነትና የሠልጣኞቹን ብዛት ይግለጹ።

ከሌላው ዓለም አንድ ትምህርት እናምጣ። ታይላንድ በ2020 እ.ኤ.አ. የራሷን ዜጎች ለማስጎብኘት የሆቴል ዋጋውን 40 በመቶ፣ በአንድ ሌሊት እስከ 3,000 ባት ድረስ፣ በመንግሥት ወጪ ሸፍናለች፤ ማንነትና ክፍያ የተረጋገጡት በስልክ መተግበሪያ ነበር። በተካሄደው ማጣራት በሐሰት ምዝገባ ገንዘብ ሊወስዱ የሞከሩ መገኘታቸውም ይታወቃል። እኛ ዘንድ ቴሌብርና ፋይዳ በእጅ ስላሉ እንዲህ ያለ ድጎማ በአነስተኛ መጠን፣ ለምሳሌ ለአንድ ከተማና ለአንድ ወቅት፣ ሊሞከር የሚችል ይመስለኛል። የከተማ ማኅበራት ለክልል ቢሮዎች ሊያቀርቡት የሚገባ ሐሳብ ነው፤ የሚቀበለው ግን ፈቃዱና መዝገቡ የተስተካከለ ማረፊያ ብቻ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ይገባል።

ማንን ቀድሞ መጋበዝ

የውጭ መንግሥታት ወደ አንድ አካባቢ አትሂዱ የሚል ማስጠንቀቂያ ባወጡበት ጊዜ የብዙ ጎብኚዎች የጉዞ መድን ዋጋ ያጣል። ይህን እያወቁ «ምንም ችግር የለም» ብሎ መጻፍ እንግዳውንም አካባቢውንም ይጎዳል። በየሳምንቱ መንገዱ፣ በረራውና ኔትወርኩ ያሉበትን ሁኔታ በቀንና በሐቅ ይግለጹ፤ ጉዞው ባይሳካ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ ወይም ወደ ሌላ ጊዜ እንደሚተላለፍ በግልጽ ይጻፉ። በዚህ ወቅት የሚታመነው ገበያ የአገር ውስጥ ጎብኚና በውጭ የሚኖረው ወገን ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ለወላጆቹ አገር እንግዳ የሆነው ልጁ ግን ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋልና በገጽዎ ላይ ለቤተሰብ የተዘጋጀ ጉዞ ለብቻው ያቅርቡ። አዲስ አበባ ያሉ ድርጅቶች ደግሞ በቦሌ ለሰዓታት የሚቆየውን ትራንዚት መንገደኛ የግማሽ ቀን ጉብኝት ሊያቀርቡለት ይችላሉ።

ለአውሮፕላን ትኬት የሚላክልዎትን የፓስፖርት ፎቶ በጋራ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አያስቀምጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከትዎታልና ትኬቱ እንደተቆረጠ ያጥፉት። ድሮን ያለ ኢመደአ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ እንደማይገባ፣ በቅዱሳን ቦታዎችም ጫማ እንደሚወለቅና በቅዳሴ ሰዓት ፎቶ ማንሣት ከካህናቱ ፈቃድ እንደሚፈልግ እንግዳው ከቤቱ ሳይነሣ ይወቅ። የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ለማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊትም የተነሣውን ሰው ያስፈቅዱ።

የሥራውን ጊዜ በተመለከተ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ገንዘብ የሚጠይቅ ማመልከቻ ከመጋቢት በፊት ለወረዳው ቢደርስ ይመረጣል፤ ካርታውን፣ ፎቶውንና የዋጋ ዝርዝሩን ደግሞ እንግዳ በሚያንስበት ክረምት አጠናቅቀው ከመስቀል በፊት ገጹን ይክፈቱ።