ስኖውቦርድ በልካችሁ ስታሠሩ እነዚህን አትሳሳቱ

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር ነው። በረዶ ከጣለ ቅዳሜ ጠዋት በስኖውቦርድ፣ ማለትም ቆመው በረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት ሰሌዳ፣ ተራራ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ጓደኞቼ የተዘጋጀ ቦርድ መግዛቱን ትተው እንጨቱንም ቅርጹንም ራሳቸው እየመረጡ ማሠራት ጀምረዋል። ፎርሙን ሲሞሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የማየው ስህተት ግን ያው ነው።

ሁሉም ቦርዱ ላይ ከሚታተመው ሥዕል ይጀምራል። ሥዕሉ ቦርዱ እንዴት እንደሚሄድ አይቀይርም፤ መጨረሻ ላይ ምረጡት።

ትልቁ ስህተት ጫማን መርሳት ነው። ቦርድ ላይ የምንቆመው ወደ ጎን ስለሆነ የጫማችን ርዝመት ከቦርዱ ወገብ (መሀሉ ላይ ካለው ቀጭኑ ቦታ) ስፋት ጋር መስማማት አለበት። የመጀመሪያዬን ሳሠራ ቀጠን ሲል ያምራል ብዬ ወገቡን 25 ሴንቲሜትር አደረግኩት፤ ጫማዬ ደግሞ በአሜሪካ ቁጥር 11 ነው። ጠንከር ያለ በረዶ ላይ ወደ ጣቴ በኩል አጋድዬ ስዞር መጀመሪያ የጫማዬ አፍንጫ በረዶውን ሲፍቀው ይሰማኛል፣ ቀጥሎ የብረቱ ጠርዝ ከበረዶው ይላቀቃል፣ ከዚያ በደረቴ ነው የምሄደው። ወቅቱን ሙሉ የችሎታ ማነስ መስሎኝ ነበር። ለእኔ እግር 26 እና ከዚያ በላይ ነው የሚሻለው። ጫማችሁን አድርጋችሁ በምትቆሙበት አንግል ቦርድ ላይ ቁሙና ለኩ፦ ከጣትም ከተረከዝም በኩል አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ቢወጣ ችግር የለውም። ለጥንቃቄ ብላችሁ በጣም ማስፋትም ጥሩ አይደለም፣ ሲዞር ይዘገያል።

ርዝመቱን በቁመታችሁ ብቻ አትወስኑ። አገጭ ድረስ ይድረስ የሚባለው ለግምት ያህል ነው። ቦርዱን የሚያጥፈው ክብደታችሁ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛ ኪሎአችሁን ስጡ።

ቦርዱ ውስጥ የሚገባው የካርቦን ክር ውድ ስለሆነ ይሻላል ብሎ ማሰብም አለ። ካርቦን ቀላል ነው፣ ቶሎ ይመልሳል፤ ግን ጎርባጣ በረዶ ላይ ንዝረቱ ጉልበት ድረስ ይመጣል። የቦርዱ ውስጥ እንጨትም እንደዚያው ነው፦ ፓውሎኒያ በጣም ቀላል ነው፣ ፖፕላር ከበድ ብሎ ዱላ ይችላል። እኔ ሁለቱን አቀላቅሉ እላለሁ፤ ፖፕላሩ ከእግር ሥርና ከጠርዙ አጠገብ ይሁን። እንጨቱን የሚሸፍነው ፋይበርግላስ (የመስታወት ክር) ክሮቹ በሁለት አቅጣጫ ከተሠሩ ቦርዱ በቀላሉ ይጠመዘዛል፣ ለጀማሪ ይመቻል። በሦስት አቅጣጫ የተሠራው ለፍጥነት ነው።

ቅርጹን ስትመርጡ የምትሄዱበትን በረዶ አስቡ። መሀሉ ከፍ ያለው ካምበር ጠንካራ በረዶ ይነክሳል። ጫፎቹ ቀድመው የሚነሱት ሮከር ጥልቅ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ግግር ላይ ግን ያንሸራትታል። እዚህ ኮሎራዶ ነፋስ በረዶውን ስለሚጠቀጥቀው እኔ ከእግር ሥር ካምበር ያለውን ነው የምመርጠው።

ሲንተርድ የሚባለው የታች ፕላስቲክ ሰም ስለሚመጥ ይፈጥናል፤ ሰም ካጣ ጠርዝ ጠርዙ ነጣ ብሎ ይደርቃል፣ ፍጥነቱም ይጠፋል። በየጊዜው ሰም የማትቀቡ ከሆነ ኤክስትሩድድ የሚባለውን ውሰዱ። ይረክሳል፣ ሲጫርም መጠገኑ ይቀላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ያላችሁ ባይንዲንግ (ጫማን ከቦርዱ ጋር የሚያስረው ዕቃ) በየትኛው ቀዳዳ እንደሚታሰር እዩ። አራት አራት ብሎን ለሚታሰርበት ቦርድ የተሠራ ባይንዲንግ መሀሉ ላይ ረጅም ቦይ ባለው ቦርድ ላይ ላይገባ ይችላል።