ክረምቱን በጭቃ፣ በሻማ ቁራጭና በእርድ

ግቢያችን ውስጥ አምስት ተከራይ አለ። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉት ልጆች ብቻ ሲቆጠሩ ሰባት ናቸው። ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ቀን አንስቶ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ሰባቱም ከምሳ በኋላ የሚውሉት እኔ በረንዳ ላይ ነው። የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ መሆኔ ስለሚታወቅ «ቲቸር ጋ ሂድ» ብሎ የማይልክ ወላጅ የለም። አይከፋኝም። ግን ዝናብ እያየ የሚያዛጋ ሰባት ልጅ ከመቀበል፣ እጃቸው ላይ የሚሠራ ነገር ማስያዝ ይቀላል። ቀለምና ብልጭልጭ ወረቀት ግዙ አልላችሁም፤ እኔም አልገዛም።

ሐምሌን በጭቃ እንጀምራለን። የእኛ ግቢ አፈር ዋልካ ነው። እርጥብ ሳለ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጣጠቃል። ማታ የሠራት ላም ጠዋት አንገቷ ተቆርጦ ያገኘ ልጅ ደግሞ እንዴት እንደሚያለቅስ ታውቃላችሁ። መድኃኒቱ ጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ የጤፍ ጭድ። ጭዱን በመቀስ አድቅቃችሁ ለሁለት እፍኝ ጭቃ አንድ ጭብጥ ያህል አሹበት። ከዚያ በፊት ጭቃውን እናንተው በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ ልቀሙ። ላሟን ሲሠሩ እግር ለብቻ ሠርተው ከለጠፉ ሲደርቅ ይወልቃል፤ ከአንዱ ድቡልቡል ላይ እየሳቡ እንዲያወጡት አሳዩአቸው። ማድረቂያው ቦታ አልጋ ሥር ነው። «ቶሎ ይድረቅ» ብላችሁ ምድጃ ዳር ካስቀመጣችሁት ጭዱም አያድነውም።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አፈር ከየት ታመጣላችሁ? ሁለት ስኒ የፊኖ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ ከአንድ ስኒ ትንሽ ጎደል ያለ ውሃ። ውሃውን እየጨመራችሁ እሹት፤ እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም በቃው። እኔ የማደርቀው እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ነው። ምጣዱ ከተነቀለም በኋላ ሙቀቱ ይቆያል፤ ትሪ ላይ ወረቀት አንጥፌ የሠሩትን ደርድሬ ምጣዱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አክንባሎውን አልደፋበትም፣ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋልና። ከጣት ያልወፈረው በሁለት ጋገራ ይደርቃል። ሊጥ ስለሚመስል ትንንሾቹ ይቀምሱታል፤ ያ ሁሉ ጨው ለሕፃን ሆድ አይሆንምና ዓይናችሁ አይራቅ።

የካልሲ ኳስ ማንም ያውቃል፣ አልፈዋለሁ።

መብራት የሚጠፋባቸው ምሽቶች የሻማ ቁራጭ ትተው ይሄዳሉ። እነዚያን አትጣሉ። ልጁ ነጭ ወረቀት ላይ በሻማው ጫን አድርጎ ይሳል። ነጭ በነጭ ላይ ስለሆነ ምን እንደሳለ ራሱም አያየውም። ከዚያ እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ አስራችሁ፣ ወፍራም ሻይ ወይም የቡና አተላ እየነከረ ይቀባበት። ሰሙ የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ስዕሉ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያየችው ቀን የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ አንድ ሰው ተደብቆ የሳለባት መስሏት።

በዚያው ሻማ የወረቀት ጀልባ ከታጠፈ በኋላ ሆዱንና ጎኑን ብታሹት ውሃ ቶሎ አያሰጥመውም። የእኛ ባሕር ጠፈጠፍ ሥር የተቀመጠ ሳፋ ነው። የመንገዱ ቦይ ዳር ልጅ አልሰድም፤ የአዲስ አበባ የክረምት ጎርፍ ትልቅ ሰውም ይወስዳል።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ስለዚህ በነሐሴ መጀመሪያ ዱላ እንሠራለን። «ሆያ ሆዬ» እየተባለ መሬት የሚመታበት ዱላ ካልተዥጎረጎረ ምን ዱላ ነው! አባቴ የእርጥብ እንጨት ልጣጭ እየጠመዘዘ ይጠቀልልበትና ጭስ ላይ ያጠቁረው ነበር፤ ልጣጩ ሲፈታ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለሕፃናት ስለሆነ እኔ እሳቱን ትቼዋለሁ። የተላጠ ዱላ ላይ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ እንደ እባብ ይጠመጥማሉ፣ በመሃል የጨርቁን ስፋት ያህል ክፍት እየተዉ። የተወቀጠ ከሰል በዱቄት ሙጫ ለውሰው ክፍቱን ይቀባሉ። ሲደርቅ ጨርቁን መፍታት ነው። ሙጫው አንድ ማንኪያ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውሃ፣ እሳት ላይ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ማማሰል ብቻ። በክረምት ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፣ ይሻግታል። ዱላው ከልጁ ደረት አይብለጥ። ጅራፍ ግን ለዚህ ዕድሜ አልሠራም፤ ጫፉ ዓይን ያገኛል።

አሁን ወደ እርዱ፣ ወደ ቢጫው ቅመም፣ ልምጣ። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፣ የአከራያችን ነጠላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ልጆቹ የእርድ ውሃ ወረቀት ላይ ሲቀቡ አንዱ ማሙሽ ሮጦ ገመድ ላይ በተሰጣው ነጠላ እጁን ጠረገ። ሳይታይ ላስለቅቅ ብዬ በሳሙና ባሸው፣ ቢጫው እጄ ላይ ቀላ። ደም የነካው መሰለ። ደንግጬ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ለካ የእርድ ቢጫነት ሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲያገኘው ይቀላል፣ ሎሚ ሲያገኘው ይመለሳል። ነጠላውን በመጨረሻ ያነጣው ፀሐይ ነው። በነሐሴ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ለባለቤቷ የደረሰው መስከረም ላይ ነው፤ እስከዚያ እትዬ የምትለብሰው የኔን ነበር።

እንግዲህ ከጉዱ ሙያ ወጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ሩብ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ በጥብጡ። ጠብታ አረቄ ብታክሉበት በደንብ ይደምቃል፣ እሱን ግን ልጆቹ ሳይመጡ ጨርሱ። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ በቢጫው ቀብተው ያድርቁት። ከዚያ ጥጥ የታሰረበትን እንጨት በሳሙና ውሃ እየነከሩ ይሳሉበት፤ የሄደበት ሁሉ የሸክላ ቀለም ያወጣል። የተሳሳተውን በሎሚ ያጠፋል። ሎሚ የሚያጠፋው ስህተት ስላለ፣ «አልችልም» ሲል የከረመው ልጅ ሁሉ ይደፍራል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አትስጡ፣ እጅ ይለበልባል፤ የገላ ሳሙና ይበቃል። አሮጌ ልብስ አልብሷቸው። ገመዱ ላይ ያለውንም አስገቡ።

የእርድ ስዕል አንድ አመል አለው፦ ብርሃን ያጠፋዋል። በሐምሌ የሳሉትን መስኮት ላይ ብትለጥፉ ለእንቁጣጣሽ የሚቀርላችሁ ገርጥቶ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ዓመት የሚሰጠውን ስዕል ለጳጉሜ አቆየዋለሁ። ያቺ ወር 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ናት፣ ግን ትበቃለች። ሴቶቹ «አበባየሆሽ» ሲያጠኑ ወንዶቹ ይስላሉ ይባል ነበር፤ እኔ በረንዳ ላይ ሁሉም ይስላል፣ ሁሉም ይዘፍናል።

አደይ አበባ ለመሥራት አራት ማዕዘን ወረቀት ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እጠፉ፤ ሦስተኛውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። የታጠፈው ማዕዘን የወረቀቱ መሃል ነው፣ እሱ አይነካም። ክፍት የሆነውን ጫፍ በመቀስ ክብ አድርጎ መቁረጥ፤ ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል። ማዕዘኑን የቆረጠ ልጅ መሃሏ የተቀደደ አበባ ያገኛል፣ እሱንም ደስ ብሎት ይለጥፈዋል።

ተዉት፣ ይለጥፈው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔ ልጆቹ ሲተኙ ስዕላቸውን «አስተካክዬ» ነበር። ጠዋት ጎረቤታችን ስዕሉን ተቀብላ ብሩን ለልጁ ሰጥታ፣ «ቲቸር፣ ይቺን እንኳ አንቺ ነሽ የሳልሻት» አለች። ልጁ ቀና ብሎ፣ «አዎ፣ የኔ አበባ ጥቁር ነበረች» አላት። ከዚያ ወዲህ የእኔ እጅ የሚነካው የወረቀቱን ጀርባ ብቻ ነው፣ ስማቸውን ስጽፍ።

የመስከረም 1 ጠዋት ዝናብ አታምኑት። በቀይ ስር ቀለም የተቀባ ስዕል ካለ አንድ ጠብታ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ስዕሎቹን በፌስታል ጠቅልሉ፣ በየደጁ ሲደርሱ ያውጡ። ባለፈው ዓመት ማሙሽ የመጀመሪያዋን የወሰደው ለአከራያችን ነው፤ ቢጫ አበባ፣ በሳሙና የተሳለ ቀይ እንብርት ያላት። እትዬ ተቀብላ አየችውና ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች። «ደርቋል?» ብላ ጠየቀችው።