«መረጃ አልተገኘም» ይለኝ የነበረው የዕቃ መከታተያ

ከጓንግዡ ያስጫንኩት የመለዋወጫ ካርቶን የት እንደደረሰ ለማየት የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የቢል ኦፍ ሎዲንግ (የባህር ጭነት ሰነድ) ቁጥሩን አስገባሁ። «መረጃ አልተገኘም» አለኝ። አራት ቀን ሙሉ ያው መልስ።

ከቁጥሩ ውስጥ ሰረዙን አጠፋሁ፣ ብሮውዘር ቀየርኩ፣ በስልክም ሞከርኩ። ወይ ፍንክች! ዕቃው ጭራሽ አልተጫነም ብዬ ላኪውን መጠርጠር ጀመርኩ።

በአምስተኛው ቀን ወረቀቱን ጉምሩክ ለሚያስጨርስልኝ ትራንዚተሬ አሳየሁት። ከላይ ያለውን የድርጅት ስም በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሀውስ ቢል ነው፤ ማስተሩን አምጣ» አለኝ። ለካ ሀውስ ቢል የሚሰጠው ፎርዋርደሩ፣ ማለትም በላኪውና በመርከብ ድርጅቱ መካከል ሆኖ ጭነቱን የሚያመቻቸው ድርጅት ነው። የመርከብ ድርጅቱ የሚያውቀው ለፎርዋርደሩ የሰጠውን ማስተር ቢል ነው። የኔ ደግሞ ኤልሲኤል ነበር፤ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴይነር የተጫነ።

ፎርዋርደሩን የማስተር ቢሉንና የኮንቴይነሩን ቁጥር በዊቻት ጠየቅኩት። የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው። የመጨረሻዋ አሃዝ ኮንቴይነሩ ላይ በሳጥን ተከብባ ለብቻዋ ስለምትጻፍ ትዘለላለች። እኔም መጀመሪያ ዘለልኳት። ሙሉውን ሳስገባ ወጣ፦ ጅቡቲ ከተራገፈ ሦስት ቀኑ።