የፕሪንተር የተጠቃሚ ኮድ አሞላል፦ በማሽኑ፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ

«ፕሪንት አድርጌያለሁ፣ ኮምፒውተሩም ተልኳል ይላል፣ ወረቀት ግን አልወጣም።» የተጠቃሚ ኮድ፣ ማለትም ማን ስንት ገጽ እንዳተመ ለመቁጠር ለየሰዉ የሚሰጠው ቁጥር፣ በተጀመረ ማግስት ወደ እኔ ጠረጴዛ የሚመጣው አቤቱታ ሁሉ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ እኮ አልዋሸም። ኮዱን የሚመረምረው ማሽኑ፣ ማለትም ፕሪንተሩ፣ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሰነዱን ከነኮዱ ካስረከበ በኋላ ነገሩ አያገባውም። ኮዱ ከሌለ ወይም ከተሳሳተ ማሽኑ ሥራውን ይሰርዘዋል፣ ብዙ ጊዜም ለላኪው ትንፍሽ ሳይል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከማሽኑ እጀምራለሁ፤ ኮምፒውተሮቹ ይከተላሉ፤ ያለ ኮድ የሚመጣውን መከልከል ደግሞ የመጨረሻ መጨረሻ ነው።

የማሽኑን አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) በብሮውዘር ላይ ጻፉና በአስተዳዳሪ ስም ግቡ። የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ስሙ እንደ አምራቹ ነው፤ በሪኮ ዌብ ኢሜጅ ሞኒተር፣ በካኖን ሪሞት ዩአይ፣ በኪዮሴራ ኮማንድ ሴንተር ይባላል። ኮዱም ስሙ ይለያያል፤ ሪኮ ዩዘር ኮድ፣ ካኖን ዲፓርትመንት አይዲ፣ ኪዮሴራ አካውንት አይዲ ይሉታል። ርዝመቱም እንደዚያው ነው፤ ሪኮ እስከ 8 አሃዝ ይቀበላል፣ ካኖን እስከ 7። በአንድ ቢሮ ውስጥ የተለያየ ሥሪት ያላቸው ማሽኖች ካሉ አጭሩን ልክ ያዙ። ለእኔ አራት አሃዝ ይበቃል፤ ከዚያ የረዘመውን ሰው ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ይለጥፈዋል።

ኮድን በዜሮ አትጀምሩ። ዝርዝሩን በኤክሴል አዘጋጅታችሁ በሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ዝርዝር) ፋይል ወደ ማሽኑ ስታስገቡ ኤክሴል 0412 የሚለውን 412 አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሰውየው ግን 0412 እያለ ይልካል። ከ1001 ጀምሮ መቁጠር ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ያለ ኮድ ወይም ባልተመዘገበ ኮድ የሚመጣ ሥራ ምን ይሁን የሚል ምርጫ በካኖንም በኪዮሴራም አለ። ለጊዜው «ይፈቀድ» ላይ ተዉት። ማሽኑ እንዲህ ያሉትን ለብቻ ስለሚቆጥራቸው፣ ስንት ገጽ ገና ባልተስተካከለ ኮምፒውተር እንደመጣ በዚያ ታያላችሁ።

ዊንዶውስ

ብዙው ችግር የሚጀምረው ፕሪንተሩ ከተጨመረበት መንገድ ነው። ዊንዶውስ ፕሪንተሩን ራሱ ፈልጎ ሲያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን አጠቃላይ የአይፒፒ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይሰጠዋል፤ ያ ድራይቨር ያትማል፣ የኮድ ቦታ ግን የለውም። ሰው ሜኑ ለሜኑ ሲፈልግ ይውላል፤ የሌለ ነገር አይገኝም። ፕሪንተሩን አጥፉት፣ የአምራቹን ድራይቨር ጫኑ፣ ከዚያም በስታንዳርድ ቲሲፒ/አይፒ ፖርት፣ ማለትም በማሽኑ አይፒ አድራሻ፣ መልሳችሁ ጨምሩት። ማሽኑ ቋሚ አይፒ ይኑረው፣ ወይም አድራሻ በሚያድለው ዲኤችሲፒ ላይ አድራሻው ይያዝለት። በዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትም ላይ የመጣው «ዊንዶውስ ፕሮቴክትድ ፕሪንት» የሚባል ምርጫም አለ፤ እሱ ከበራ የአምራቹ ድራይቨር ጨርሶ አይሠራም። ኮዱ በድራይቨሩ በኩል እንዲሄድ ከፈለጋችሁ መጥፋቱን አረጋግጡ።

ኮዱ የሚጻፍበት ቦታ እንደ አምራቹ ነው። በሪኮ ፒሲኤል 6 ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ ውስጥ፣ በዲቴይልድ ሴቲንግስ ሥር ጆብ ሴትአፕ የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። በካኖንና በኪዮሴራ ግን መጀመሪያ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ከፍቶ፣ ዲቫይስ ሴቲንግስ በሚለው ትር የኮድ አሠራሩን ማብራት ያስፈልጋል። በሁለቱም ድራይቨሩ በእያንዳንዱ ሕትመት ኮዱን እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። አንድ ኮምፒውተር በፈረቃ ለብዙ ሰው ከሆነ ይህን ምረጡ፤ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን አታሰልቹት።

አሁን ልብ በሉ። ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ የሚያስቀምጠው በዚያ ሰዓት ለገባው ተጠቃሚ ብቻ ነው። በፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ የሚለው ትር ላይ ያለው ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ ግን ለሁሉም መነሻ ይሆናል። በአስተዳዳሪ ስም ገብቶ ፕሪፈረንስስ ላይ ኮድ ሞልቶ የሚሄድ ባለሙያ የሞላው ለራሱ ነው፤ የጠረጴዛው ባለቤት ሲገባ ቦታው ባዶ ነው። ተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ነው፤ በፕሪንት ሰርቨር (የብዙ ሰዎችን ሕትመት በሚያስተላልፈው ኮምፒውተር) ላይ ዲፎልትስ ውስጥ የአንድ ሰው ኮድ ከገባ፣ የራሱን ያልሞላ ሁሉ የሚያትመው በዚያ ሰው ሒሳብ ነው። ወሩ መጨረሻ ላይ «እኔ ይህን ሁሉ አላተምኩም» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህንን ቦታ ነው።

ማክ

እዚህም ያው ጉዳይ በሌላ ስም ይመጣል፤ ማክ ፕሪንተሩን በኤርፕሪንት (ያለ አምራቹ ድራይቨር በሚያትመው የአፕል አሠራር) ከያዘው የኮድ ቦታው ብዙ ጊዜ አይታይም። በፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ ውስጥ ሰርዙት፤ የአምራቹን ድራይቨር ከጫናችሁ በኋላ እንደገና ስትጨምሩት «ዩዝ» ከሚለው ዝርዝር ኤርፕሪንትን ትታችሁ የማሽኑን ሞዴል ምረጡ። ከዚያ ማንኛውንም ሰነድ ከፍታችሁ ፕሪንት በሉ። በሪኮ ጆብ ሎግ የሚል ክፍል ይመጣል፤ ዩዘር ኮድን አብሩና ጻፉ። ወዲያው ሳትዘጉት በፕሪሴት (በስም በሚቀመጥ የምርጫዎች ስብስብ) አስቀምጡት፣ አለበለዚያ ነገ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለፕሪሴቱ የተጠቃሚውን ስም እሰጠዋለሁ፤ በስልክ «የትኛውን መርጠሃል?» ስል መልሱ ቶሎ ይመጣል።

ሊኑክስ

ሊኑክስም እንደ ማክ የሚያትመው ካፕስ (CUPS) በሚባለው የሕትመት ሥርዓት ነው። ድራይቨር አልባ የሚባለውን አሠራር ትታችሁ የማሽኑን አማራጮች የሚዘረዝረውን የአምራቹን ፒፒዲ ፋይል ስጡት። ከዚያ በተርሚናል ኤልፒኦፕሽንስ (lpoptions) የሚለውን ትዕዛዝ በፕሪንተሩ ስም ጥሩና የአማራጮቹን ዝርዝር ያውጣላችሁ። የኮዱ አማራጭ እዚያ ውስጥ ከሌለ ፒፒዲው ትክክለኛው አይደለም፤ ሌላ ፈልጉ። ካለ በዚያው ትዕዛዝ ሙሉት። እንደ ተራ ተጠቃሚ ስትሞሉት በሆም ማውጫው ውስጥ ለእሱ ብቻ ይቀመጣል፤ በሩት (በአስተዳዳሪው መለያ) ከሞላችሁት ግን ለሁሉም ይሆናል። በዊንዶውስ ያየነው ልዩነት ነው።

ወረቀት እምቢ ሲል

ወደ ኮምፒውተሩ ከመሄዴ በፊት የማሽኑን ጆብ ሎግ (የመጡለትን ሥራዎች መዝገብ) አያለሁ። ሥራው እዚያ «ተሰርዟል» ተብሎ ከተመዘገበ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ላይ ነው። ጭራሽ ካልተመዘገበ የአይፒውን ወይም የፖርቱን ነገር መርምሩ።

ኮዱ በርግጥ መላኩን ማየት ከፈለጋችሁ በዊንዶውስ «ፕሪንት ቱ ፋይል» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ አንድ ገጽ አትሙ፣ ፋይሉንም በኖትፓድ ክፈቱ። አብዛኛው የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያሉት ፒጄኤል የሚባሉት የትዕዛዝ መስመሮች ግን በተራ ጽሑፍ የተጻፉ ናቸው። ብዙ ድራይቨሮች ኮዱን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ይህን ያየ ሰው ኮዱ የይለፍ ቃል አለመሆኑንም በዚያው ይረዳል፤ ገጽ ለመቁጠር እንጂ ምስጢር ለመጠበቅ አልተሠራም። የደመወዝ ዝርዝር የሚያትም ክፍል ካለ ማሽኑ ዘንድ ቆሞ ፒን ሲያስገባ ብቻ የሚወጣበትን የተቆለፈ ሕትመት አሳዩት።

ያልታወቀውን ኮድ የምከለክለው በዚያ ለብቻ በሚቆጠረው መዝገብ ላይ አዲስ ገጽ መጨመሩ ሲያቆም ነው። የሒሳብ ወይም የመጋዘን ሶፍትዌር ከሰርቨር በቀጥታ፣ ያለ ድራይቨር የሚልክ ከሆነ ግን መዝገቡ አይቆምም፤ ኮድ የሚጻፍበት መስኮት ስለሌለው ሊሞላ አይችልም። ማሽኑ በአይፒ አድራሻ ለይቶ የሚያሳልፍበት አማራጭ ካለው ያንን ሰርቨር ብቻ አስፈቅዱለት። ከሌለው በፕሪንት ሰርቨሩ ላይ ለዚያ ሶፍትዌር የተለየ የፕሪንተር ወረፋ ክፈቱና የክፍሉን ኮድ በፕሪንቲንግ ዲፎልትስ ሙሉበት። ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ ድራይቨር በኩል እንዲያትም መቀየር የሚቻል ከሆነ ማለት ነው፤ ካልተቻለ ማሽኑ ላይ ያለውን ፈቃድ ክፍት ትታችሁ የእሱን ገጾች ለብቻ መቁጠር ነው።